"ሲኒየር ቤት" ልንጠይቅ ስንሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአማርኛ ሰው ቤት ሄዶ ደኅንነቱን ማየትም "መጠየቅ" ነው፣ ያላወቁትን ነገር እንዲነገር መፈለግም "መጠየቅ" ነው። የአገልግሎት ክለባችን በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አረጋውያን የሚኖሩባቸውን አፓርትመንቶች መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ አዳዲስ አባላት የሚያነሡት ጥያቄ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ከአንዳንዱ መልስ ጀርባ የራሳችን ጥፋት አለ፤ የሚቀጥለው ሰው እንዳይደግመው ብዬ ሳልሸፍን ጽፌዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአገልግሎት ክለብ ምንድን ነው? ከእድር በምን ይለያል?

አባላቱ ተሰባስበው ለሌላው ሰው በጎ ሥራ የሚሠሩበት ማኅበር ነው። በአሜሪካ ስማቸው የገነነው ሦስት ናቸው፤ ሮታሪ በ1905 በቺካጎ፣ ኪዋኒስ በ1915 በዲትሮይት፣ ላየንስ በ1917 እንደገና በቺካጎ ተመሠረቱ። የሮታሪው ፖል ሃሪስ ጠበቃ ነበር፤ የላየንሱ ሜልቪን ጆንስ የኢንሹራንስ ነጋዴ። በእድር ላደገ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። መዋጮ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ተራ አለ፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ልዩነቱ እድር አስቀድሞ ለአባሉ የሚቆም ሲሆን ክለቡ ግን ለማያውቀው ሰው መሥራቱ ነው።

የምንሄድበት ቤት ነርሲንግ ሆም ነው?

አይደለም። ይህን ሳይዝ የሄደ ሰው የቀረውን ሁሉ ስለሚያበላሸው ረዘም አድርጌ ልናገር። ነርሲንግ ሆም ያለ ሰው የሕክምና ክትትል የሚያስፈልገው ነው፤ ነርስ አለው፣ ምግቡም በሰዓቱ ይቀርብለታል። እኛ የምንሄድባቸው ግን ተከራዮች ናቸው። የኪራይ ውል (ሊዝ) ፈርመዋል፣ ቁልፋቸው በኪሳቸው ነው፣ ወጣቸውን ራሳቸው ይሠራሉ፣ ኪራይ በየወሩ ይከፍላሉ። አገር ቤት መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያን የጠየቀ ሰው እዚህም ያንኑ ይጠብቃል። መቄዶንያ ከጎዳና የተነሡ ሰዎች የሚረዱበት ማዕከል ነው፤ እዚያ መሄድ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ግን ጧሪና ተጧሪ የለም። የሰው ቤት ነው፤ እኛም እንግዶች ነን።

ቤቶቹ እንዴት እንደመጡ ማወቅም ይጠቅማል። ብዙዎቹ የተሠሩት በ1959 በወጣው የቤቶች ሕግ "ሴክሽን 202" በሚባለው ክፍል ነው። መንግሥት ለአረጋውያን ቤት ለሚሠሩ ትርፍ ለማያሳድዱ ድርጅቶች፣ ብዙ ጊዜም ለቤተ ክርስቲያንና ለበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ በዝቅተኛ ወለድ ያበድር ነበር። በ1990 ሕጉ ተሻሻለና ብድሩ ቀርቶ የማይመለስ ገንዘብ ሆነ፤ ቅድመ ሁኔታው ሕንፃው ለ40 ዓመት አነስተኛ ገቢ ያላቸውን አረጋውያን ማኖሩ ነው። ለመግባት ዕድሜ 62 ዓመት መሙላት፣ ገቢም ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ግማሽ አለመብለጥ አለበት። ነዋሪው ከገቢው ላይ የተፈቀዱ ተቀናሾች ከተነሡ በኋላ 30 ከመቶውን ይከፍላል፤ የጎደለውን መንግሥት ይሸፍናል። በ2025 ለአንድ ሰው የሚከፈለው ከፍተኛው የፌዴራል ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ፣ በወር 967 ዶላር ነበር። ሌላ ገቢ የሌላቸው እናት ከዚያ ላይ ለኪራይ የሚከፍሉት ከ290 ዶላር በታች ይሆናል ማለት ነው። በቀረው ስልክ፣ አስቤዛ፣ አውቶቡስ፣ ወደ አገር ቤት የምትላከው ጥቂት ብር ሁሉ ይቻላል። እሳቸው እየቻሉት ነው የሚኖሩት።

ልጆቻቸው ጥለዋቸው ነው እዚህ የገቡት?

ይህን ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ እንኳ አትግቡ፤ ፊት ላይ ይነበባል። ብዙዎቹ የእኛ አገር አረጋውያን አሜሪካ የመጡት የልጅ ልጅ ለማሳደግ ነው። ልጆቹ አደጉ፣ ትምህርት ቤት ገቡ። ልጅና ምራት ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ቤቱ ትልቅ ነው፣ መኪና የማይነዳ ሰው ግን ከዚያ ሰፈር የትም አይሄድም፤ ሱቁ ሩቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ። ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር መዋል ነው። ሲኒየር ቤት ሲገቡ ግን አውቶቡሱ ከበር ይነሣል፣ ፎቅ ላይ አማርኛ የምታወራ ጎረቤት አለች፣ ቁልፉም የራሳቸው ነው።

አንዲት እናት "እኔ በሰባ ዓመቴ ነው የራሴ ጓዳ ያገኘሁት" ብለውኛል። ይህን ሲሉ የቁም ሳጥናቸውን በር ከፍተው በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውን በየጣሳው አሳዩኝ። ጣሳዎቹ ላይ ስሙ በእጅ ተጽፎ ተለጥፏል። እውነት ነው፣ ልጆቻቸው የማይደውሉላቸውም አሉ። እሱን ሊነግሩን ሲፈልጉ ይነግሩናል።

ዝም ብለን ሄደን በር ብናንኳኳስ?

አይሆንም። ብዙ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ "ሰርቪስ ኮኦርዲኔተር" የሚባል ሠራተኛ አለው፤ ሥራው ነዋሪዎችን ከጤና፣ ከምግብ፣ ከመጓጓዣ አገልግሎት ጋር ማገናኘት ነው። ቢያንስ ከወር በፊት እሱን አነጋግሩ። ለማኔጀሩ ብቻ ነግሮ መሄድ አይበቃም፤ ማኔጀሩ ሕንፃውን ያውቃል፣ ኮኦርዲኔተሩ ግን ሰዉን ያውቃል። ማን ጆሮው ከብዷል፣ ማን ሰሞኑን ሐዘን ላይ ነው፣ ማን ቀን ቀን ለኩላሊት እጥበት (ዳያሊሲስ) ይሄዳል የሚለውን በስም ባይነግራችሁም ሰዓታችሁን በዚያ መሠረት ያስተካክልላችኋል። ማስታወቂያውም ሎቢ ላይ በነዋሪዎቹ ቋንቋ አስቀድሞ ይለጠፍ። መውረድ ያልፈለገ ሰው አይወርድም፤ የሚቀሰቅሰውም አይኖርም።

ምን ይዘን እንሂድ?

ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ አንድ ዓመት ሳንጠይቅ ብርድ ልብስ ወሰድን። በዚያው ሳምንት ሁለት ሌሎች ቡድኖች ብርድ ልብስ አምጥተው ኖሯል፤ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ማስቀመጫ የለም። ነዋሪዎቹ አመስግነው ተቀበሉን፤ እኛ ግን ያን ገንዘብ በከንቱ እንዳጠፋነው ገባን።

ኮኦርዲኔተሩን ስንጠይቀው የሰጠን ዝርዝር ያልጠበቅነው ነበር፤ የልብስ ሳሙና፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ የአዋቂ ዳይፐር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፉድ ስታምፕ፣ የመንግሥቱ የምግብ ድጎማ፣ ምግብ ይገዛል እንጂ ሳሙናም ወረቀትም አይገዛም። ለእነዚያ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የለም። ዳይፐር ስትሰጡ በጥቁር ፌስታል፣ በኮኦርዲኔተሩ በኩል ይሁን። በአዳራሽ መሐል አይታደልም።

ከዚህ ሌላ ከፍ ያለ ዋጋ ያየሁበት ነገር የአማርኛ ቀን መቁጠሪያ ነው። ጎልቶ የተጻፈ፣ ጾሙና በዓሉ የተመለከተበት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ዛሬ ሚካኤል ይሁን ገብርኤል በምን ያውቃል? በመስከረም መጀመሪያ ይዘን ስንሄድ ወረፋው እስከ ሊፍቱ ይደርሳል። አጉሊ መነጽርም ጥሩ ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ።

ብር በፖስታ ብንሰጥ አይሻልም?

አይሻልም፤ ሊጎዳቸውም ይችላል። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው በእጁና በባንክ ያለው ተቆጥሮ ከ2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ3,000 ዶላር ማለፍ የለበትም። በጥሬ ገንዘብ የተሰጠ ስጦታ እንደ ገቢ ሊታሰብና ከወርኃዊ ክፍያው ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ ያልተናገረም ሰው በኋላ "ያለ አግባብ ወስደሃል፣ መልስ" ይባላል። ምግብ ላይ ሕጉ ላልቷል፤ ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በነፃ የተሰጠ ምግብ ለኤስኤስአይ ስሌት አይቆጠርም። ክለቡ ገንዘብ ካለው ለሕንፃው የነዋሪዎች ፕሮግራም ይስጥ፣ ወይም ዕቃ ይግዛ።

ምግብ ስንወስድ ምን እንጠንቀቅ?

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ፣ ወይም በዓቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ከሆነ፣ ለኦርቶዶክሶቹ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይሆንም። ለሙስሊሞቹ ሥጋው ሐላል መሆኑን ከሉካንዳው አረጋግጡ፤ በረመዳን ደግሞ ቀን ምግብ ይዞ መሄድ ነውር ነው፣ ለአፍጥር የሚሆን ቴምርና ሾርባ አድርሱ። ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ቀይ ሥር ለሁሉም ይሆናል። ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ጨውን ቀነስ፣ ለስላሳውን ትታችሁ ውኃና ሻይ። ኬክ ለልደት ካልሆነ አስፈላጊ አይደለም። የምግቡን ዓይነትና የገባበትን ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ከፊቱ አድርጉ፤ አለርጂ ያለበት ሰው እንዲያይ።

አንድ ሌላ ነገር። የእኛ ሰው መጀመሪያ ሲቀርብለት "በቃኝ፣ በልቻለሁ" ይላል። አሜሪካውያን የክለብ አባሎቻችን ይህን ሰምተው ሳህኑን ይዘው ያልፋሉ፤ አዛውንቱም ሳይበሉ ይቀራሉ። "በሞቴ" ማለት እንኳ ባይችሉ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲያቀርቡ አስተምሯቸው።

ቡና ማፍላት ይቻላል?

ይቻላል፤ መቁላት ግን አይቻልም። ይህን የምለው ካደረስነው ነገር ተነሥቼ ነው። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሥርዓቱን እናሳይ ብለን ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ረከቦቱን ዘርግተን፣ ቡናውን በጋራ አዳራሹ ውስጥ መቁላት ጀመርን። ጭሱ ወደ ኮርኒሱ ሲወጣ ማንም ልብ አላለም። ከዚያ የሕንፃው ማንቂያ ደወል በሙሉ ጮኸ። ደወል ሲጮኽ ሊፍት ይቆማል። ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነው። ከአምስተኛ ፎቅ አንድ እናት ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከር ኮሪደር ላይ ትተው፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ አንድ እያሉ ወረዱ። ሌሎቹ በነጠላ ጫማ፣ ጋቢ ደርበው፣ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ እስኪያጣራ ድረስ ብርድ ላይ ቆሙ። የወደቀ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያን ቀን ከደረጃው ሥር ቆሜ እጃቸውን ስቀበል የተሰማኝን አልረሳውም።

አሁን ቡናው ቤት ተቆልቶና ተወቅጦ ይመጣል። ጣሳውን ከፍተን ለየአንዳንዱ እናዞራለን፤ አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸቱታል፣ ይመርቃሉ። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣዳል። ከሰል በፍጹም አይገባም፤ ጭሱ ብቻ አይደለም፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ጋዙ ይገድላል። ዕጣንም ይቀራል። ሦስቱም ይጠጣል፤ አቦልና ቶና ጠጥቶ ለበረካ የሚቸኩል እንግዳ ካለ ቀድሞውኑ ባይመጣ ይሻላል።

አንድ አረጋዊ ደብዳቤ አምጥተው "አንብቡልኝ" ቢሉስ?

ይህ ሳያጋጥም የሚያልፍ ጉብኝት የለም። መጀመሪያ ጊዜ የገጠመን ጊዜ አንዲት እናት ቡናው ሲያልቅ ተነሥተው ሄዱና በፌስታል የታጨቀ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። አብዛኛው ፖስታ አልተከፈተም። "ልጄ ሲመጣ ያነብልኛል ብዬ ነው" አሉ። ልጃቸው ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ሳምንታት ይጠፋል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ለየን፤ የኢንሹራንስ ማስታወቂያ፣ የሱቅ ኩፖን፣ የቀብር ኢንሹራንስ ሻጭ፣ እንደገና የሱቅ ኩፖን። ከመሐል አንዱ ከሕንፃው አስተዳደር የመጣ ነበር፤ በየዓመቱ ገቢን እንደገና ለማረጋገጥ የሚጠየቀው "ሪሰርቲፊኬሽን"። ቀኑ ሊያልፍ አራት ቀን ቀርቶታል። ያ ቀን ካለፈ ድጎማው ሊቋረጥና ሙሉውን ኪራይ ሊጠየቁ ይችላሉ። እዚያው ተነሥተን ወደ ኮኦርዲኔተሯ ቢሮ ሄድን፤ ያለቀው በሃያ ደቂቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ጉብኝት አንድ ጠረጴዛ ለደብዳቤ ብቻ እንመድባለን። ከያዝነው ምግብና ዕቃ ሁሉ ይልቅ ይህች ጠረጴዛ ትጠቅማለች ብዬ አምናለሁ። ሥርዓት ግን አላት። የሚያነበው ሰው ሥራው ማንበብ ብቻ ነው፤ ፎርም አይሞላም፣ አይፈርምም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይቀዳም፣ ደብዳቤውን በስልኩ አያነሣም። ከባድ የሆነውን አረጋዊውን ይዞ ወደ ኮኦርዲኔተሩ ይሄዳል። ያየውንም ለሌላ አይናገርም፤ ሰፈራችን ትንሽ ናት፣ ወሬ ቶሎ ይደርሳል።

አስተርጓሚ የማግኘት መብታቸውንም ንገሯቸው። በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛንም ይመለከታል፤ ከከተማው መንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ጉዳይ ያለው ሰው "አማርኛ" ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮም በነፃ ያቀርባል። የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም።

አማርኛ የማይናገሩትንስ?

ሕንፃው የሁሉም ነው። ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገሩ አሉ፤ ዲሲ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን አዛውንትም አሉ። የእኛን ሰው ብቻ ከብበን ብንቀመጥ ሌላው "የእነሱ ድግስ ነው" ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ እኛ በሄድን ማግስት ደግሞ አብረው የሚኖሩት እነሱው ናቸው። በየጠረጴዛው ተበታተኑ። ቢንጎና ካርታ ቋንቋ አይጠይቁም። ስም ስትጠሩ ተጠንቀቁ፤ ለእኛ እናት "እማማ" ፍቅር ነው፣ ለአሜሪካዊት አዛውንት ግን "ሚስስ" ወይም "ሚስ" ብሎ በስሟ መጥራት ነው አክብሮቱ።

ልጆቻችንን ይዘን መሄድ እንችላለን?

ይዛችሁ ኑ። እዚህ የተወለደ ልጅ "አንተ" እና "እርስዎ" የሚለየው ለምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አይገባውም፤ አንድ አባት "ና እስቲ ልሳምህ" ብለው ጉልበቱን ሲነኩት ይገባዋል። ከመሄዳችሁ በፊት "እንደምን አደሩ፣ እንደምን ዋሉ" የሚለውን ብቻ አለማምዱት፣ ሌላውን እነሱ ይጨምሩለታል። ስልክ መጠቀም የሚያስተምር ጎረምሳ ካለ እሱ የቀኑ ጌታ ነው፤ ቪዲዮ ጥሪ እንዴት እንደሚመለስ አንድ ጊዜ ያሳያቸው፣ ከዚያ እነሱ እንዲያደርጉት ስልኩን ይመልስላቸው። የሚያስል ወይም ያተኮሰው ልጅ ግን ቤት ይቅር፤ አዋቂም ቢሆን እንደዚያው።

ፎቶ ማንሣትስ?

ከሁሉም በፊት የሕንፃውን ደንብ ጠይቁ፤ ቀጥሎ ሰውየውን። እሺ ማለታቸውም በጽሑፍ ይሁን። ዕቃ ሲቀበሉ አታንሡ። አንድ አባት ሳሙና ሲቀበሉ የተነሡት ፎቶ የክለቡ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ አገር ቤት ያለች እህታቸው አየችውና "ተቸገረ ወይ?" ብላ አልቅሳ ደወለች። እሳቸው ሰላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ለዚያች እህት ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ፎቶውን በዚያው ሰዓት አወረድነው፤ ይቅርታም ሄደን ጠየቅን። ማንሣት ካለባችሁ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ቡና ስትጠጡ ተነሡ።

መቼና በየስንት ጊዜው እንሂድ?

በዲሴምበር ሁሉም ይሄዳል፤ ቀናቱ ይጨናነቃሉ፣ ጥር ሲገባ ጭር ይላል። እኛ የምንመርጠው ፌብሩዋሪንና ሐምሌን ነው፤ አንዱ በረዶ፣ አንዱ ሙቀት፣ በሁለቱም ሰው ከቤት አይወጣም። ለኢትዮጵያውያኑ እንቁጣጣሽን፣ ገናንና ፋሲካን እንጨምራለን። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ ስድስት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይበቃል፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ።

በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ስለ ብቸኝነት ባወጡት ማሳሰቢያ ከሰው ተለይቶ መኖር በዕድሜ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር የሚነጻጸር መሆኑን ገልጸዋል። ይህን የሚሽር አንድ ትልቅ ድግስ የለም። በዓመት አንዴ አርባ ሆናችሁ ከምትሄዱ በየወሩ አምስት ሆናችሁ ሂዱ፤ የሚቻል ከሆነም ያው አምስታችሁ።

ወደ ክፍላቸው ቢጋብዙንስ?

ይጋብዛሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ ለኮኦርዲኔተሩ ንገሩ፣ በሩን ገርበብ አድርጉት። የቀረበላችሁን ቅመሱ። ዳቦ ቆርሰው የሰጡ እናት ላይ "አይ፣ እርስዎ ይብሉት" ማለት ለእኛ ደግነት ይመስለናል፤ ለእሳቸው ግን ባለቤትነታቸውን መንጠቅ ነው። ገንዘብ ወይም የወርቅ ጌጥ ሊሰጡ ቢሞክሩ ግን ምርቃቱን ብቻ ተቀበሉ።

የሚያሳስብ ነገር ብናይስ?

የወደቀ፣ ደረቱን የያዘ፣ ንግግሩ የተሳሰረበት ሰው ካለ 911 ነው፤ መጠበቅ የለም። ሰው እየደበደባቸው ወይም ገንዘባቸውን እየወሰደ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ራሳችሁ መርማሪ አትሁኑ፣ ያንኑ ቀን ለኮኦርዲኔተሩና ለአካባቢው የአዋቂዎች ጥበቃ ቢሮ አሳውቁ። በየትኛውም ስቴት ያለ የአረጋውያን አገልግሎት የት እንደሚገኝ የሚጠቁመው የፌዴራሉ ኤልደርኬር ሎኬተር ስልክ 1-800-677-1116 ነው።

እናቴን እዚህ ማስመዝገብ እፈልጋለሁ፤ ክለቡ ሊያስገባልኝ ይችላል?

አይችልም፤ "አስገባለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው። ማመልከቻው ለየሕንፃው በቀጥታ ይገባል። ተራ መጠበቂያው ዝርዝር (ዌይቲንግ ሊስቱ) ብዙ ጊዜ ዓመታት ይወስዳልና ለአንድ ሕንፃ ብቻ አታመልክቱ፣ 62 ሲሞላቸው ወዲያው ጀምሩ። አድራሻና ስልክ በተቀየረ ቁጥር አሳውቁ፤ "አሁንም ትፈልጋለህ ወይ?" ለሚል ደብዳቤ መልስ ያልሰጠ ሰው ከዝርዝሩ ይሰረዛል።

ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ቤት ራሳችን መሥራት እንችላለን?

ተሠርቷል። በሲያትል፣ በሬኒየር ጎዳና ላይ፣ በዚያ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ሂዩማንጉድ ከተባለ ትርፍ የማያሳድድ የአረጋውያን ቤት ገንቢ ጋር ሆኖ "ኢትዮጵያን ቪሌጅ" የተባለ 90 መኖሪያዎች ያሉት ሕንፃ አቁሟል። ዕድሜያቸው 62 የሞላና ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አረጋውያን ናቸው የሚኖሩበት። ስሙ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር መለየትን ይከለክላል። ስለዚህ "ለእኛ ብቻ" የሚል ዕቅድ ያለው ሰው አስቀድሞ ይወቀው። የእኛ አካባቢ ማኅበረሰብ ከሲያትሉ እጅግ የበዛ ነው፤ መሬትና አጋር ፍለጋው ዛሬ ቢጀመር እንኳ ዓመታት ይፈጃልና ብንቸኩል ይሻላል ባይ ነኝ።

በሚቀጥለው ስንሄድ የምናውቃቸው ሰው ባይኖሩስ?

ይህን በዝግታ የሚጠይቁኝ ወጣቶቹ አባላት ናቸው። ሠራተኞቹ የነዋሪን ጉዳይ ለውጭ ሰው ስለማይናገሩ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ጎረቤት ግን ይነግራል። ደብዳቤውን በፌስታል ያመጡት እናት ባረፉ ጊዜ የነገረችን ከፊት ለፊታቸው የምትኖር የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኛ ስፓኒሽ አናውቅም። በሩን አሳየችን፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ወንበር አውጥታ ኮሪደር ላይ አስቀመጠችን፣ ሻይ አመጣች፣ እሷም አጠገባችን ተቀመጠች። ለቅሶው የእሷም ነበር። አምስት ዓመት በአንድ ኮሪደር ኖረዋል፤ ሽሮ ትበላ እንደነበር በእጇ እያማሰለች አሳየችን።

ልጃቸውን ኮኦርዲኔተሯ ጠይቃልን ፈቀደ፤ ሰባት ሆነን ቤቱ ሄደን ለቅሶ ደረስን። ከዚያ በኋላ በየወሩ ስንሄድ፣ ከቡናው በፊት፣ የጎረቤቷን በር እናንኳኳለን። ሽሮ የምትወስደው አባል በተራ ይመደባል።